ሳይቃጠል በቅጠል፤ በቤት ስለሚቀመም የፀሐይ ቅባት



ሰው ሁሉ የሚያውቀውን፣ ከቶም ሊሸሸግ የማይችለውን ነገር «አገር ያወቀው፣ ፀሐይ የሞቀው» ብሎ መጥራት በአገራችን የቆየ ልማድ ነው። ፀሐይ ራሷ ግን አገር ያላወቀው ሥራ እንዳላት ባለፈው ዓመት በደረሰ አንድ ነገር ተማርሁ። ነገሩ የደረሰው በሌላ ሰው ጥፋት ሳይሆን በራሴ ችኰላ ስለ ሆነ፣ ለሌሎች ቤተ ሰቦች ማስጠንቀቂያ ይሆን ዘንድ ሳልሸሽግ እጽፈዋለሁ።

በማስተምርበት ክፍል ውስጥ ቆዳዋ፣ ጠጕሯና ቅንድቧ ነጭ ሆኖ የተወለደች አንዲት የ9 ዓመት ልጅ ነበረች። ሐኪሞች እንዲህ ያለውን አፈጣጠር አልቢኒዝም ይሉታል። እናቲቱ ልጇን ከፀሐይ ለማዳን የማትደክመው ድካም አልነበረም። አንድ ቀን ወደ ትምህርት ቤት መጥታ፣ «መምህር፣ እርስዎ ብዙ መጽሐፍ የሚያገላብጡ ሰው ነዎት። በመድኀኒት ቤት የሚሸጠው የፀሐይ ቅባት ከዐቅሜ በላይ ሆነብኝ፤ በቤቴ ላዘጋጀው የምችለው ነገር ካለ እባክዎ ይንገሩኝ» ስትል ጠየቀችኝ።

እኔም «አላውቅም» ማለት ከበደኝ። ከአንድ ጽሑፍ ላይ ያየሁትን ቅመም በወረቀት ገልብጬ ሰጠኋት። ቅመሙ ሰም፣ የኮኮናት ዘይት፣ የእሬት ውሃ፣ የካሮት ዘይትና ጥቂት የዚንክ ኦክሳይድ ዱቄት ነበረ። ሁሉም ከተፈጥሮ የተገኘ ነውና ክፉ ነገር ያመጣል ብዬ አልጠረጠርሁም። ሴትዮዋ ሌሊት ተቀምጣ አቀለጠችው፤ አማሰለችው፤ ሽታው ደስ የሚል፣ መልኩም ነጣ ያለ ቅባት ሆነላት።

ልጅቱ ከዚያ በፊት ረጅም እጅጌ ለብሳ፣ ባርኔጣ ደፍታ፣ በዕረፍት ጊዜ ከዋርካው ሥር ነበር የምትቀመጠው። በትምህርት ቤታችን የስፖርት ቀን ግን ከራሷ እስከ እግሯ ተቀብታ መጣችና፣ ባርኔጣዋን አውልቃ ከባልንጀሮቿ ጋር እንድትሮጥ ፈቀድንላት። ፈቃዱን ከሰጡት አንዱ እኔ ነበርሁ። ልጅቱ ቀኑን ሙሉ ደስ ብሏት ዋለች፤ አላመማትም፤ አላቃጠላትም። ሌሊት ግን አንገቷና ትከሻዋ እንደ እሳት ነደደ፤ በማግሥቱም ውሃ ቋጠረ። ወደ ሐኪም ቤት በወሰድናት ጊዜ ሐኪሙ የጻፍሁትን ወረቀት ተቀብሎ አነበበና፣ «ይህ ቅባት ቆዳ ያለሰልሳል እንጂ ፀሐይ አይጋርድም» አለን። እናቲቱ ወደ እኔ ቀና ብላ አየችኝ፤ አንድም ቃል ግን አልተናገረችኝም። ብትቈጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ነገሩን ከሥሩ ለማወቅ ተጋሁ። ያገኘሁትንም እነሆ በተራ አቀርባለሁ።

በመጀመሪያ፣ ቆዳን የሚያቃጥለው የፀሐይ ሙቀት አይደለም። በ1801 ዓ.ም. በፈረንጅ አቆጣጠር ዮሐን ቪልሄልም ሪተር የተባለ ጀርመናዊ ሊቅ የፀሐይን ብርሃን በመስተዋት ከፍሎ ሲመረምር፣ ከቀስተ ደመናው ከሐምራዊው ቀለም ወዲያ፣ ዓይን ምንም በማያይበት ስፍራ፣ በብር የተዘጋጀ ጨው ሲጠቍር ተመለከተ። በዚያ ስፍራ የማይታይ ጨረር እንዳለ በዚህ ታወቀ። ይህም ዛሬ አልትራቫዮሌት የሚባለው ነው። ወደ ምድር የሚደርሰው ሁለት ዓይነት ነው። ቢ የሚባለው የላይኛውን ቆዳ ይለበልባል፤ ኤ የሚባለው ወደ ውስጥ ጠልቆ ቆዳን ያስረጃል፤ ሁለቱም የቆዳን ካንሰር በማምጣት ይተባበራሉ።

ይህ ጨረር የማይታይ ብቻ ሳይሆን የማይሰማም ነው። ቃጠሎው የሚገለጠው ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ሲሆን፣ የሚበረታውም ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ስለዚህ በቤቷ ቅባት የሠራች እናት፣ «ልጄን አላቃጠላትም፤ እንግዲያው ቅባቱ ሠርቷል» ብትል ፍርዷ ገና ሳይደርስ የተፈረደ ነው። ዘይቱ ቆዳውን ያበርደዋል፤ ያለሰልሰዋል፤ ጨረሩ ግን ከሥር ሥራውን ይሠራል።

አገራችን ደግሞ ለዚህ ነገር የተለየ ጠባይ አላት። ለምድር ወገብ ቅርብ ስለ ሆነች ፀሐይ በቀትር ከአናታችን በላይ ትቆማለች። ከባሕር ወለል በ1,000 ሜትር ከፍ በተባለ ቍጥር የጨረሩ ኀይል ከመቶ 10 እጅ ያህል ይጨምራል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተሠራች ከተማ ናት። ስለ ሆነም የደጋ ሰው ነፋሱ ሲቀዘቅዘው «ዛሬ ፀሐይ የለችም» ይላል እንጂ፣ በብርዱ መካከል የሚወርደው ጨረር ከቈላው የሚብስበት ጊዜ አለ። ስስ ደመናም አያቆመውም።

እንዲህ ከሆነ አብዛኞቻችን ስለ ምን አልተቃጠልንም? የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። በቆዳችን ውስጥ ሜላኒን የሚባል ጥቍር ቀለም ስላለ ነው። በ1979 ዓ.ም. በፈረንጅ አቆጣጠር የታተመ አንድ ምርመራ፣ የጥቍር ሰው የላይኛው ቆዳ ከቢ ጨረር የሚከላከልበትን ኀይል 13 ያህል፣ የነጭ ሰውን ደግሞ 3 ያህል አድርጎ ለክቶታል። ስለዚህ ለጥቍር ሰው የፀሐይ ጕዳት በይበልጥ የሚታየው በማድያት፣ በፊት መጥቈርና በቆዳ መሸብሸብ ነው። አልቢኒዝም ያለበት ሰው ግን ይህ ቀለም ከቶ የለውም፤ ወይም እጅግ ጥቂት ነው። በአፍሪቃ ፀሐይ ሥር ያለ መጋረጃ ካደገ የቆዳ ካንሰር ገና በወጣትነቱ ሊይዘው ይችላል።

አልቢኒዝም ለምጽ አይደለም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይጋባም። አባትም እናትም በዘራቸው ውስጥ ሳያውቁት ተሸክመውት ሲገናኙ በልጅ ላይ የሚገለጥ ነው። ባለ ማወቅ እናቲቱን የሚያሙ፣ ልጁንም ከሰው የሚሸሽጉ ቤተ ሰቦች አሉ። መጽሐፈ ሄኖክን የሚያነቡ ሁሉ ላሜክ የተወለደለትን ሕፃን እጅግ ነጭ ሆኖ ባየው ጊዜ ደንግጦ ወደ አባቱ ወደ ማቱሳላ እንደ ሮጠ ያስታውሳሉ። ያ አባቱን ያስደነገጠ ሕፃን ኖኅ ነበረ። በልጅ መልክ የደነገጠ ወላጅ ይህን ታሪክ ቢያስብ መልካም ነው።

አሁን ወደ ቅባቱ እንመለስ። በመድኀኒት ቤት በሚሸጠው የፀሐይ መከላከያ ላይ ኤስ ፒ ኤፍ የሚል ቃልና ቍጥር ተጽፎ ይታያል። ቍጥሩ እንዲያው የተለጠፈ አይደለም። ፈቃደኛ በሆኑ ሰዎች ጀርባ ላይ ቅባቱ በአንድ ስኩዌር ሴንቲ ሜትር 2 ሚሊግራም ሆኖ ተመዝኖ ይቀባል፤ ከዚያም የጨረር መብራት ይበራበታል። የተቀባውና ያልተቀባው ቆዳ የሚቀላበት መጠን በማግሥቱ ይመረመርና ይነጻጸራል። 30 የተባለው ቅባት በልኩ ከተቀባ ከሚያቃጥለው ጨረር ከ30 እጅ አንዱን ብቻ ያሳልፋል ማለት ነው። እንግዲህ በየትኛው ወጥ ቤት እንዲህ ያለ ልክ አለ?

በወረቀቱ ላይ የጻፍኋቸውን ነገሮች አንድ በአንድ ብንመረምራቸው እንዲህ ናቸው። ሰም ቅባትን ያጠነክራል፤ ጨረርን ግን አያቆምም። የኮኮናት ዘይት የሚከለክለው እጅግ ጥቂት ነው፤ የኑግና የሰሊጥ ዘይትም ከዚህ የተሻለ ሥራ የላቸውም። ቅቤም እንዲሁ ነው። እሬት የደረቀን ቆዳ ያቀዘቅዛል፤ መጋረጃ አይሆንም። የካሮት ዘይት ትልቅ ቍጥር እንዳለው በብዙ ቦታ ተጽፎ ይነበባል፤ ይሁን እንጂ በሰው ቆዳ ላይ በሚገባ ተለክቶ የተረጋገጠ አይደለም።

የቀረው ዚንክ ኦክሳይድ ነው። ይህስ በእውነት ጨረርን የሚያቆም ማዕድን ነው፤ በመድኀኒት ቤት ቅባቶችም ውስጥ ይገባል። እኔንም ያሳተኝ ይኸው ነበር። ነገር ግን ዱቄቱ በዘይት ውስጥ በማንኪያ ሲማሰል እንደ ጓጐለ ገንፎ እዚህና እዚያ ይሰበሰባል፤ ቆይቶም ወደ ዕቃው ሥር ይዘቅጣል። ከላይ የተጠቀለለው ዘይት ብቻ፣ ከታች የቀረውም ዱቄት ብቻ ይሆናል። በቆዳ ላይ ሲቀባ አንዱ ስፍራ ተሸፍኖ ሌላው ባዶውን ይቀራል፤ ዓይን ግን ይህን አይለይም። ፋብሪካዎች ዱቄቱን የሚበትን ልዩ መኪናና የሚያጸና ልዩ ቅመም አላቸው፤ መጠኑም ብዙ ጊዜ ከመቶ 20 እጅ ይደርሳል። በገበያ የሚገኘው ዱቄት ደግሞ ለቀለምና ለጎማ ሥራ የተዘጋጀ ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ያለው ለልጅ ቆዳ አይገባም። ሲበጠብጡትም ብናኙ ወደ ሳንባ ይገባል። የእሬት ውሃ የተጨመረበት ቅባትም መጠበቂያ መድኀኒት ስለሌለው በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊሻግት ይችላል።

ከማይጠቅመው አልፎ የሚጐዳም አለ። አንዳንድ ሰዎች ፊትን ያጠራል ሲሉ ሎሚ ይቀባሉ። ሌሎችም በየጓሮው የሚበቅለውን ጤና አዳም ጨምቀው ቆዳቸውን ያሻሉ። ሎሚና ጤና አዳም በውስጣቸው ከፀሐይ ጨረር ጋር ሲገናኝ ቆዳን የሚያቃጥል ቅመም አላቸው። ጭማቂው የነካው ስፍራ ፀሐይ ሲያገኘው ይቀላል፤ ውሃ ይቋጥራል፤ ሲድንም ለወራት የሚቆይ ጥቍር ምልክት ይተዋል። ማድያትን ለማጥፋት ሎሚ የሚቀቡ እኅቶቻችን የሚያባብሱት በዚህ ምክንያት ነው። ጤና አዳም በቡና ስኒ ውስጥ ይመረጥ፤ ፀሐይ ላይ ለሚወጣ ቆዳ ግን አይቀባ። «ከተፈጥሮ የተገኘ ነው» የሚለው ቃል ብቻውን ዋስ አይሆንም፤ እሳትም ከተፈጥሮ ነው።

ይህን ስል አፍሪቃውያን ለራሳችን የፀሐይ ቅባት መሥራት አንችልም ማለቴ አይደለም። በታንዛንያ፣ በኪሊማንጃሮ ተራራ ግርጌ በሞሺ ከተማ በሚገኘው የቆዳ ሕክምና ማሠልጠኛ፣ ማፋልዳ ሶቶ የተባሉ የስፔን አገር የመድኀኒት ባለሙያ በጀመሩት ሥራ፣ አልቢኒዝም ላለባቸው ሰዎች «ኪሊሰን» የሚባል ቅባት እዚያው አገር ውስጥ ሲዘጋጅና ሲታደል ቆይቷል። አገር ውስጥ የተሠራ መሆኑ ከወጥ ቤት ቅባት ጋር አንድ አያደርገውም፤ ይህኛው የተመዘነ፣ የተለካና የተመረመረ ነውና። የእኛም አገር የመድኀኒት ሊቃውንት ይህን አብነት ቢከተሉ ለብዙ እናቶች ዕረፍት ይሆናል።

እንግዲያው ዐቅም ያነሰው ቤተ ሰብ ምን ያድርግ? ደስ የሚለው ነገር፣ በቤት ሊሠራ የሚችል፣ ገንዘብም የማይፈጅ እውነተኛ የፀሐይ መከላከያ አለ። እርሱም ጥላና ልብስ ነው።

ሰዓትን መምረጥ የመጀመሪያው ነው። ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ከቀትር በኋላ 10 ሰዓት ፀሐይ ትበረታለች። ሰዓት የሌለው ሰው ጥላውን ይመልከት፤ ጥላው ከቁመቱ ባጠረ ጊዜ መጠለል ይገባዋል።

ሁለተኛው ልብስ ነው። ጨርቁን በመስኮት ፊት ወደ ብርሃን ዘርጉት። ብርሃን በብዛት ካለፈ ጨረርም ያልፋል። ስስ ነጠላ በአንድ እጥፍ እንደ ወንፊት ነው፤ አራት እጥፍ ሲሆን ወይም ጋቢ ሲሆን ግን ብዙ ይከላከላል። ጥቅጥቅ ብሎ የተሸመነና ጠቈር ያለ ጨርቅ ከሳሳውና ከነጣው ይሻላል፤ ነጭ ጥጥ ሲረጥብ ደግሞ መከላከያው ይቀንሳል። ባርኔጣ ጆሮንና ማጅራትን እንዲሸፍን ክፈፉ ዙሪያውን 8 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሁን፤ ከፊት ብቻ ወጣ ያለው ቆብ ጆሮን አይጋርድም።

ሦስተኛው ጃንጥላ ነው። ጥቍር ጃንጥላ ከላይ ከሚወርደው ጨረር ከመቶ 90 እጅ የሚበልጠውን እንደሚያቆም ተለክቶ ታውቋል። አያቶቻችን በየመንገዱ ጃንጥላ ሲይዙ ለክብር ብቻ ይመስለን ነበር፤ ጥቅሙ ግን ከክብር ያለፈ ነው።

በመድኀኒት ቤት የሚሸጠውን ቅባት ለመግዛት የቻለ፣ ቍጥሩ 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነውን፣ የኤንም የቢንም ጨረር የሚከላከለውንና ጊዜው ያላለፈበትን ይምረጥ። ለፊትና ለአንገት አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ያስፈልጋል፤ በስሱ ከተቀባ የተጻፈው ቍጥር ከንቱ ነው። ከመውጣት 15 ደቂቃ በፊት ይቀባል፤ በየ2 ሰዓቱም ይደገማል። ቅባቱ ጥቂት ከሆነ ልብስ ለማይሸፍነው ለፊት፣ ለጆሮ፣ ለማጅራትና ለእጅ ጀርባ ይቈጠብ። ቅባት በልብስ ላይ የሚጨመር እንጂ ልብስን የሚያስወልቅ አይደለም። እኔ የሳትሁት በዚህ ነበር።

ዕድሜያቸው ከ6 ወር በታች ለሆኑ ሕፃናት ከቅባት ይልቅ ጥላ ይመረጣል። ይህን አንብባችሁ ግን ሕፃናትን ጨርሶ በጨለማ አትሸሽጉ። ፀሐይ ባጡ ሕፃናት ላይ አጥንት የሚያጣምመው ሪኬትስ የተባለ በሽታ በአገራችን ታይቷል። በማለዳ ለጥቂት ደቂቃ ፀሐይ ማሞቅ መልካም የእናቶቻችን ልማድ ነው። አልቢኒዝም ላለበት ልጅ ግን ልኩን ሐኪም ይወስን።

ቅባት መሥራት የምትወድ እመቤት ሰሟንና ዘይቷን አትጣል። አንድ እጅ ንጹሕ ሰም ፍቃ ከአራት እጅ የሰሊጥ ዘይት ጋር በፈላ ውሃ ላይ በተቀመጠ ዕቃ ታቅልጠው፤ በንጹሕና በደረቀ ብልቃጥም ታስቀምጠው። ውሃም ጭማቂም አትጨምርበት። ይህ ማታ ማታ ለተሰነጠቀ ከንፈር፣ ለደረቀ እጅና ለተረከዝ መልካም ማለስለሻ ነው። በብልቃጡ ላይ ግን «የማታ ቅባት» ብላ ትጻፍበት፤ ልጆች ለፀሐይ እንዳይቀቡት።

ፀሐይ ያቃጠለው ሰው ቢኖር ቀዝቀዝ ባለ ውሃ ይታጠብ፤ ውሃም በብዛት ይጠጣ። በትኵስ ቃጠሎ ላይ ቅቤ፣ ዘይት ወይም የጥርስ ሳሙና አይደረግ፤ ሙቀቱን አፍኖ ይይዘዋልና። የቋጠረው ውሃ አይፈንዳ። ቃጠሎው ሰፊ ከሆነ፣ ትኵሳት ካለ፣ ወይም የተቃጠለው ሕፃን ከሆነ ሳይዘገይ ወደ ሐኪም ይሂድ። በአልቢኖ ሰው ቆዳ ላይ ከአንድ ወር በላይ ሳይድን የቆየ ቍስል ቢታይ ጊዜ የማይሰጠው ነገር ነው። በአዲስ አበባ አለርት ሆስፒታል፣ በደሴ አጠገብም ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የቆዳ ሕክምና ይሰጣሉ።

ያች ልጅ በሦስተኛው ሳምንት ድና ወደ ክፍሏ ተመለሰች። ዛሬ እናቷ ከጥቍር ጨርቅ የሰፋችላትን ሰፊ ባርኔጣ ትደፋለች፤ እጅጌዋ እስከ አንጓዋ ይደርሳል። ዓይኗም ብርሃን ስለሚከብደውና ሩቅ ስለማታይ፣ ከመስኮቱ ራቅ አድርገን ከጥቍር ሰሌዳው ፊት አስቀምጠናታል። የስፖርቱን ጨዋታ ወደ ማለዳ አዛውረነዋል፤ እርሷም ትሮጣለች። እኔም ወደ እናቲቱ ቤት ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁ። እርሷም ቡና አፍልታ ተቀበለችኝና፣ «መምህር፣ እርስዎም ለልጄ አስበው ነው። ከእንግዲህ ግን የማያውቁትን ሲጠይቅዎ ሰው ‹እስክጠይቅ ቆዩኝ› ይበሉት» አለችኝ። ከ20 ዓመት በላይ ሳስተምር ከዚህ የሚበልጥ ትምህርት የሰጠኝ የለም።

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። እኔ ቅጠሉን ጨምቄ ለመቀባት ቸኰልሁ። ያች ልጅ በየቀኑ ተጠልላበት የነበረው የዋርካው ቅጠል ግን ሥራውን ሲሠራ የኖረ ነበር።